የመኪናን ማሞቂያና ኤሲ በአግባቡ መጠቀም

በአብዛኞቹ መኪኖች ዳሽቦርድ መሃል ላይ የሚገኙት የአየር መቆጣጠሪያዎች አራት የተለያዩ ነገሮችን ይወስናሉ፦ የአየሩን ሙቀት፣ የንፋሱን ኃይል፣ ንፋሱ የሚወጣበትን አቅጣጫ፣ እንዲሁም አየሩ ከውጭ ይግባ ወይስ የውስጡ ይዘዋወር የሚለውን። ከእነዚህ ተለይቶ የሚታየው ኤሲ የሚል ጽሑፍ ወይም የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ያለበት ቁልፍ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ይህን ቁልፍ የብርድ ቁልፍ አድርገው ስለሚያዩት ከሙቀት ወራት ውጭ አይነኩትም። ቁልፉ ግን አየሩን ከማቀዝቀዝ ባልተናነሰ ያደርቀዋል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የመኪናውን የአየር ሥርዓት በግማሹ ብቻ እየተጠቀመ ነው ማለት ይቻላል።

ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ፈሳሽ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያውም አየሩን በእሷ በኩል እየገፋ ወደ ተሳፋሪው ያመጣዋል። ስለዚህ ማለዳ መኪናውን እንዳስነሡ የሙቀት ማዞሪያውን እስከ ቀዩ ጫፍ፣ ማራገቢያውን ደግሞ እስከ መጨረሻው መክፈት እግርን በቀዝቃዛ ንፋስ ከማስመታት ያለፈ ጥቅም የለውም። የሞተር ሙቀት ጌጁ ከታች መነሣት እስኪጀምር ማራገቢያውን ዝቅ አድርጎ መቆየት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ለማሞቅ የእግር አቅጣጫ፣ ለማቀዝቀዝ ደግሞ የደረትና የፊት አቅጣጫ ይመረጣል። በባትሪ ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ይህ የሞተር ሙቀት ስለሌላቸው ማሞቂያቸው ከባትሪው ይወስዳል፤ የወንበር ማሞቂያ ካላቸው በቅድሚያ እሱን መጠቀም ኃይል ይቆጥባል።

ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና የውስጡ ሙቀት ከውጭው አየር በጣም ስለሚበልጥ፣ ኤሲውን ከፍቶ መስኮት ዘግቶ መጠበቅ ያንኑ የጋለ አየር ለማቀዝቀዝ መድከም ነው። መስኮቶቹን ከፍቶ ትንሽ መንገድ እየነዱ የታመቀውን ሙቀት ማስወጣት፣ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን መክፈት፣ ቀጥሎም በመኪና ሥዕል ውስጥ የተጠማዘዘ ቀስት ያለበትን ቁልፍ መጫን ይገባል። ይህ ቁልፍ የውጭውን አየር ዘግቶ ቀድሞ የቀዘቀዘውን የውስጥ አየር ደግሞ ስለሚያቀዘቅዘው ሥራው ይፈጥናል። አቧራ ወይም የከባድ መኪና ጭስ ሲያጋጥምም ያገለግላል። ሆኖም የውጭው አየር እንደተዘጋ መቆየት የለበትም፤ ተሳፋሪዎቹ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ያፈዛል፣ እንቅልፍም ያመጣል።

ኤሲውን በአንድ ጣት መክፈትና መዝጋት ሁልጊዜ የነበረ ነገር አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ማቀዝቀዣ ሲያቀርብ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ክፍል፣ የሚያላቅቅ ማብሪያ ማጥፊያ አልነበረውም፤ ማቀዝቀዝ ያልፈለገ ባለቤት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ በእጁ ማውለቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ጉም እንምጣ። መንዳት በጀመርኩባቸው ዓመታት የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስ በግራ እጄ መሪ ይዤ በቀኜ በጨርቅ እጠርግ ነበር፤ ከጨርቁ ጀርባ መስታወቱ ወዲያው መልሶ ይደበዝዛል፣ ማታ ደግሞ የጨርቁ ፈለግ የመጪውን መኪና መብራት ይበትነዋል። ችግሩ መስታወቱ ላይ ሳይሆን አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው፤ ከትንፋሽና ከረጠበ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። መፍትሔው አቅጣጫውን ወደ ፊት መስታወት ማዞር፣ ሙቀቱን መጨመር፣ ኤሲውን መክፈት፣ የውጭ አየር ማስገባትና ማራገቢያውን ከፍ ማድረግ ነው። ሙቀትና ኤሲ አንድ ላይ መከፈታቸው ሊያስገርም አይገባም፦ ኤሲው እርጥበቱን በቀዝቃዛ ቱቦዎቹ ላይ ያስቀራል፣ ማሞቂያው የደረቀውን አየር ያሞቀዋል። ብዙ መኪኖች የፊት መስታወቱ ቁልፍ ሲጫን ኤሲውን ራሳቸው ያስነሣሉ። በዝናብ ጊዜ የውስጥ አየር ማዘዋወሪያውን ከፍቶ መንዳት ግን ጉሙን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ከቆመ መኪና ሥር የሚታየው ኩሬም ከዚሁ ከተለየው እርጥበት የመጣ ነው፤ ቀለምና ሽታ ከሌለው፣ ጣት ላይም ካላሟለጨ ንጹሕ ውሃ ስለሆነ አያሳስብም። ጉሙ ከውጭ በኩል ከያዘ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛው ንፋስ መስታወቱን ከመጠን በላይ አቀዝቅዞት ነውና ንፋሱን ከመስታወቱ ላይ ማንሣትና የዝናብ መጥረጊያውን መጠቀም በቂ ነው። የኋላ መስታወት በተለጠፉበት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች ስለሚሞቅ ለብቻው ቁልፍ አለው፤ መስመሮቹ በቀላሉ ስለሚበጠሱ በሹል ነገር መፋቅ አይገባም።

አውቶ የሚል ምርጫ ያላቸው መኪኖች ላይ የሚፈለገውን ሙቀት፣ ለምሳሌ 22 ዲግሪ፣ መርጦ መተው ነው። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ወደ 16 ማውረድ ብዙም አያፋጥነውም፤ መኪናው በጣም ከሞቀ ሥርዓቱ ቀድሞውኑ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው።

ከኤሲው የሻጋታ ሽታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የኤሲ ፊልትሮ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ይገኛል። ከመድረስዎ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ኤሲውን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ ማስቀጠል ቱቦዎቹን ስለሚያደርቅ ሽታውን ይከላከላል። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስስ ቦታ ስላለ፣ ቦታው ሳይገኝ ጋዝ ብቻ የሚሞላ መካኒክ ገንዘብዎን እያባከነ ነው። ዳገት ላይ የሞተሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኤሲውን ማጥፋትና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይቀንሳል፤ ይህ ግን መኪናውን ደኅና ቦታ ለማቆም የሚያደርስ እንጂ ጉዞ ለመቀጠል የሚበቃ አይደለም፣ የጋለውን የራዲያተር ክዳንም ሳይቀዘቅዝ መክፈት አይገባም።