በረራ ዘግይቶባችሁ ካሳ ስትጠይቁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ከገናና ከጥምቀት በኋላ ወደ ቢሯችን ከሚገባው ሰው ብዙው ትኬት ፈላጊ አይደለም፤ በረራው ዘግይቶበት ወይም ሻንጣው ቀርቶበት «ካሳ አለው ይላሉ፣ እንዴት ልጠይቅ?» ብሎ የሚመጣ ነው። አብዛኛው መብት ነበረው። ያጣውም ተከራክሮ ተረትቶ ሳይሆን ገና ትኬቱን ሲገዛ፣ አለዚያም ከአውሮፕላን ማረፊያው ተጣድፎ ሲወጣ ነው። ይህ ስለሚያንገበግበኝ ነው የምጽፈው።

የባሕር ዳሩን ትኬት ለብቻ መግዛት

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ትኬት እዚያው ይገዛል። የባሕር ዳሩን «እሱን ተዉት፣ ወንድሜ ከዚያ ይቆርጥልኛል» ይላል። ትንሽ ገንዘብ ቆጠብኩ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ምን እንዳጣ ግን አያውቅም።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች የሚነሣን በረራ ሁሉ ይመለከታል፤ አየር መንገዱ የአፍሪካም ይሁን የእስያ። የመጨረሻው መድረሻችሁ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ፣ ምክንያቱም ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልነበረ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጉዞ ካሳው 600 ዩሮ ነው። መዘግየቱ ከአራት ሰዓት ካላለፈ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ከጀርመን፣ ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ባሕር ዳር ድረስ ያለው ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

«የመጨረሻ መድረሻ» የሚባለው በአንድ ቡኪንግ (በአንድ የጉዞ ምዝገባ) የተያዘው ጉዞ የሚያበቃበት ቦታ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር በተጓዘች መንገደኛ ጉዳይ ላይ ይህን ቁርጥ አድርጎ ወስኗል፦ አውሮፕላን የተቀየረው ከአውሮፓ ውጪ ቢሆንም፣ በአንድ ቡኪንግ የተያዘ ጉዞ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል። በካዛብላንካ ፋንታ አዲስ አበባን፣ በአጋዲር ፋንታ ባሕር ዳርን አስቡ፤ ጉዳዩ የራሳችን ነው።

የአጎትና የአክስት ልጆች የሆኑ ሁለት ወጣቶች ለአንድ ሠርግ ከፍራንክፈርት በአንድ አውሮፕላን መጡ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ አዲስ አበባ ሲያርፍ የባሕር ዳሩ በረራ ሄዷል፤ ቀጣዩ ቦታ የተገኘውም በማግሥቱ ነው። የአንደኛው ትኬት ከፍራንክፈርት እስከ ባሕር ዳር አንድ ነበር። ሆቴል ተሰጠው፣ በማግሥቱ ምንም ሳይከፍል መጣ፣ ቆይቶም 600 ዩሮ ገባለት። ሁለተኛው የባሕር ዳሩን ለብቻ ስለገዛ ሕጉ የሚቆጥርለት እስከ አዲስ አበባ ብቻ ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከሦስት ሰዓት በታች ነው። ሆቴሉን ከኪሱ ከፈለ፣ አዲስ ትኬት ገዛ፣ ሠርጉ አምልጦት ለመልሱ ደረሰ። ከእኔ ፊት ተቀምጦ «እኮ አብረን ነው የመጣነው!» ሲለኝ ምን ልበለው?

ትኬታችሁን ስትቀበሉ በፊደል ወይም በፊደልና በቁጥር የተጻፈውን ባለ ስድስት ሆሄ የቡኪንግ ኮድ ፈልጉ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባም፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርም በዚያው በአንዱ ኮድ ሥር ተዘርዝሮ ማየት አለባችሁ። ሁለት ኮድ ካያችሁ ሁለት ትኬት ይዛችሁ ሊሆን ይችላል። የሸጠላችሁን ሰው «አንድ አድርግልኝ» በሉት። አልችልም ካለ ሌላ ቢሮ ሂዱ።

በፓስፖርት መተማመን

«የጀርመን ዜጋ ነኝ፣ ይከፍሉኛል» የሚል ሰው ሞልቷል። ደንቡ ፓስፖርት አያይም። የሚያየው የተነሣችሁበትን አገርና አየር መንገዱን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በሉፍታንዛ ከሄዳችሁ ደንቡ ይሠራል፣ አየር መንገዱ የኅብረቱ ነውና። በዚያው መስመር በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሄዳችሁ አይሠራም። ከፍራንክፈርት ስትመጡ ግን በሁለቱም ይሠራል። ትኬቱ ደርሶ መልስ ቢሆንም መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ነው የሚታየው። ከእንግሊዝ ለሚነሣ ተመሳሳይ ሕግ አለ፤ ለረጅሙ ርቀት 520 ፓውንድ። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በረራ ዘገየ ተብሎ ብቻ የተቆረጠ ካሳ አያስከፍልም።

ጣሪያውን እንደ ሒሳብ መጠየቅ

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት ለሚመጣው ያለው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በዚህ ስምምነት ለመዘግየት የሚከፈለው ለአንድ ሰው እስከ 6,303 ኤስ.ዲ.አር. ይደርሳል (ኤስ.ዲ.አር. የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ በየቀኑ በዶላር ይመነዘራል)። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ «6,303 ይከፈለኝ» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ጣሪያ ነው። የምታገኙት በመዘግየቱ ምክንያት ያወጣችሁትንና በማስረጃ ያሳያችሁትን ነው፦ የሆቴል፣ የምግብ፣ የከሰረ ትኬት። አየር መንገዱም የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነፃ ይሆናል። አንድ ደረሰኝ ያልተያያዘበት ደብዳቤ መልስ ባያገኝ አይግረማችሁ። ሻንጣ ቀርቶባችሁ ልብስ ስትገዙም ገበያ ውስጥ ከመደብ ላይ አትግዙ፤ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከሚቆርጥ ሱቅ ግዙ። ትንሽ ቢወደድም ገንዘቡን የሚያስመልስላችሁ ያ ወረቀት ነው።

ሳያስመዘግቡ ባጃጅ ላይ መውጣት

ሻንጣ ሲቀር የኛ ሰው ነገር ማካበድ አይወድም። አንዲት እናት ከቤሩት ልጃቸውን ጠይቀው ተመልሰው ሻንጣቸው ቀረ። «ነገ ይመጣል ብለውኛል ልጄ» አሉኝ።

«ወረቀት ሰጡዎት እትዬ?»

«ኧረ ስልኬን ጽፈውታል።»

ሻንጣው ከሳምንት በኋላ መጣ፣ ግማሹ ዕቃ ተሰባብሮ። ስልክ ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ መጻፍ ማስመዝገብ አይደለም። ከአዳራሹ ሳትወጡ የሻንጣ ቅሬታ ቅጽ አስሞሉና ባለ አሥር ሆሄ የመዝገብ ቁጥሩን ተቀበሉ፦ ሦስት ፊደል የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ሁለቱ የአየር መንገዱ፣ ቀሪው አምስት አሃዝ ነው። በቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ የተለጠፈችውንም የሻንጣ ቁጥር አትጣሏት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቅሬታ በጽሑፍ ማቅረብ አለ፤ ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከባችሁ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ እጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ። ቀኑ ካለፈ መብቱ አለፈ። እኒያ እናት እኔ ጋ የመጡት ከወር በኋላ ነበር።

በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መጻፍ

ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል የሚነሣን በረራ «7:30» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በትኬቱ ላይ ያለው 01:30 ነው። የሚመጣው መልስ «በዚያ ሰዓት የሚነሣ በረራ የለንም» የሚል ይሆናል፣ ብዙ ሰውም እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። የካቲት 3ን «3/6» ብላችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ እነሱ የሚያነቡት ጁን 3 ብለው ነው። ለእኛ ሰኞ ሌሊት የሆነው ለእነሱ ማክሰኞ መሆኑንም አትርሱ። ከራሳችሁ አትጻፉ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ከትኬቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ።

«ቴክኒክ ችግር ነው» ሲባል መተው

በአውሮፓው ደንብ የቴክኒክ ብልሽት በአብዛኛው ከካሳ አያድንም፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወስኖታል። ጭጋግ፣ ማዕበል ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ግን ካሳ የለም። ያኔም ቢሆን በደንቡ መሠረት ምግብ፣ ሲያድርም ሆቴል የመስጠት ግዴታው አይቀርም። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካሉ የበረራ ሰዓት የሚታይበትን ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበትንም ሰዓት ያዙ፣ ደረሰ የሚባለው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን በሩ ሲከፈት ነው።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ብቻ የተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት ይዛችሁ 600 ዩሮ አትጠይቁ። የአውሮፓው ደንብም ሆነ የሞንትሪያሉ ስምምነት እዚህ አይገቡም። ሌላ በረራ ወይም የትኬቱን ገንዘብ ጠይቁ።

የጉዞ ቫውቸር ሲሰጧችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የአውሮፓው ካሳ በገንዘብ ነው፣ በቫውቸር የሚሆነው እናንተ ፈርማችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።

ትኬት ለተከፈለለት ልጅም ካሳው እኩል ነው። አባትየው ለራሱ ብቻ ጠይቆ የሚስቱንና የልጆቹን የተወበት ቤተሰብ አውቃለሁ።

የባንክ ሒሳቡ ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን፣ እስከ አያት ድረስ። አለዚያ ገንዘቡ ተመልሶ ይሄዳል።

«እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚሉ ድርጅቶች ሩቡን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይወስዳሉ። መጀመሪያ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ቅጽ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ነፃ ነው።

በሞንትሪያሉ ስምምነት ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ከጀርመን ለተነሣ በረራ ግን በአውሮፓው ደንብ የሚጠየቀው ካሳ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የዘገየ በረራ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ይጠየቃል። ለፋሲካ መጥታችሁ፣ ዘግይቶባችሁ፣ «አለፈ በቃ» ብላችሁ የተዋችሁት ካለ የቡኪንግ ኮዱን ከኢሜይላችሁ ፈልጉት።