የተቀየረ ጎማ ፓራፋንጎ ውስጥ ሲታከክ

አዲስ ጎማ አስገጥመው ከጎሚስታው ሲወጡ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ባዞሩ ቁጥር ከፊት በኩል የመፋቅ ድምፅ የሚሰሙ ከሆነ፣ ጎማው የመኪናውን አካል እየነካ ነውና «እየቆየ ይተወዋል» የሚለውን ምክር አይቀበሉ። ብረት ወይም ፕላስቲክ ከማስቆረጥዎ በፊት የሚነካበትን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ከጠመኔ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። የጎማውን ትከሻና የውስጥ ጎኑን በጠመኔ ይቀቡ፤ ከዚያም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ ጨርሰው ያዙሩ፣ ወደ ኋላም ይሂዱ፣ ሰው ጭነውም ጉብታ ይለፉ። ጠመኔው የለቀቀበትና ነጭ ምልክት ያረፈበት ቦታ ነገሩን ይነግርዎታል። እኔ ጥፋቱን በጎማው ላይ ጥዬ ነበር፤ ቸርኬውን ፈትቼ ስመለከት ግን፣ የፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚከበው የመኪናው አካል) የውስጥ ፕላስቲክ አንድ ክሊፕ ወልቆ ተንጠልጥሏል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታም ተፍቆ ያብረቀርቃል። ክሊፑ ሲተካ ድምፁ ጠፋ።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ የጎማው ልክ ነው። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ከጎማው ጋር ያስተያዩ። አነስተኛ መኪና ያላቸው ብዙዎች ከመሬት ከፍ እንዲልላቸው ብለው 175/65 አር 14 የነበረውን በ185/70 አር 14 ይቀይራሉ፤ የመጀመሪያው ቁመት 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሁለተኛው 615 ይጠጋል። መኪናው ከፍ የሚለው በልዩነቱ ግማሽ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው ግን በዙሪያው ሁሉ ያንኑ ያህል ቦታ ይሻማል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 84 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትርፉ ከጉዳቱ አይመጣጠንምና ጎማው ሳያረጅ ወደ ትክክለኛው ልክ ማስመለስ ይሻላል። ቸርኬም አብሮ ተቀይሮ ከሆነ በላዩ የተቀረጸውን የኢቲ ቁጥር (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚያሳየውን) ይመልከቱ፤ 45 የነበረው 35 ከሆነ፣ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ሊነካ ይችላል።

የተነካው የጭቃ መከላከያ ወይም ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ማስተካከል ቀላል ነው። ባዶ ሲሆን የማይነካ፣ ሲጫን ግን ከኋላ የሚነካ ከሆነ ሞላው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ይፈተሽ። ጎማው በውስጥ በኩል ሞላውን፣ ሾክ አብዞርበሩን ወይም የፍሬን ቱቦውን የሚነካ ከሆነ ግን መኪናውን አይንዱት፤ የጎማ ጎን ቀጭን በመሆኑ ተፍቆ ክሩ ከታየ በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፣ እንዲህ ያለው ጎማም አይጠገንም። መኪናውን በክሪክ ሲያነሡ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥርም አይግቡ።

ከጥገናው በኋላ ሞላ ከተቀየረ አላይመንት ያስይዙ፤ የጠመኔውንም ሙከራ መኪናው ሙሉ ጭነት እንደያዘ ይድገሙት።