ጥንካሬው ሞልቶ ጥራቱ ዜሮ የሆነብኝ ዲሽ
ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቀው ዲኮደር ሰለቸኝና አሮጌውን የናይልሳት ዲሽ ወደ ኢትዮሳት ለማዞር ጣራ ላይ ወጣሁ። የናይልሳት ሳተላይት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ የሀገራችንን ጣቢያዎች የሚያስተላልፈው የኢትዮሳት ሳተላይት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ዲሹ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዞሮ በደንብ ቀና ማለት አለበት። አደረግሁት። ቲቪው ላይ የሲግናሉ ጥንካሬ መስመር ሞላ፤ ጥራቱ ግን ዜሮ! ጎረቤታችን ጋሼ «ሪሲቨሩ ሞቷል» ብለው ፈረዱ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ ዲሹን ሳዞር ኤል ኤን ቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) ለአዲሱ ሳተላይት እንዲስማማ ሳላሽከረክር እንደ ድሮው ትቼዋለሁ። ብሎኑን አላልቼ በመያዣው ውስጥ ቀስ በቀስ ሳሽከረክረው፣ በኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ (11105 ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000) ላይ ጥራቱ ብቅ አለ። ወዲያው አጥብቄ አሰርሁት፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ምሕረት አያውቅም። እናቴ ዜናዋን በነጻ ታያለች። ኳሱን ለማየት ግን እኔ አሁንም ሻይ ቤት እሄዳለሁ።