የጎልፍ ግሪን አበሳስና አሸዋ አለባበስ

ግሪን ኳሷ ተንከባልላ ጉድጓዷ የምትገባበት፣ ሣሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ተቆርጦ የሚያድር ቦታ ነው። ብዙ ሰው የግሪኑን ጥራት ከማጨጃው ይጠብቃል። ማጨጃ የላዩን ያሳምራል እንጂ በየቀኑ የሚረገጠውን አፈር አያላላም። አፈሩ ሲጠጥር ሥር አየር ያጣል፣ ውኃው ላይ ይተኛል፣ ሣሩም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ግሪኑን መብሳትና ቀዳዳውን በአሸዋ መሙላት ግድ ነው።

ጊዜው ሣሩ በኃይል የሚያድግበት መሆን አለበት። በሞቃት አገር ግሪን ላይ የሚተከለው ሣር በአብዛኛው ገበሬያችን ከማሳው እየነቀለ የሚጥለው ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ በብርድ ይተኛል። በደጋችን እንግዲህ ግንቦት ወይም ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ከተበሳ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ሣሩን ስለሚያዘገየው ቀዳዳው ሳይደፈን ይከርማል።

መብሻው ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አፈሩን ቆርጦ የሚያወጣ ቱቦ ይሁን። ድፍን ጥርስ ያለው መንሽ አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው የቀዳዳው ግድግዳ ይጠጥራል። ጫማ ላይ የሚታሰር ሚስማርማ ገንዘብ ማባከን ነው። ለትንሽ ግሪን በእግር የሚረገጥ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቱቦ ያለው የእጅ መብሻ ይበቃል፤ ከአንድ ግሪን በላይ ከሆነ ማሽን ተከራዩ።

በዋዜማው ውኃ አጠጡ። ጠዋት ከሥር ትንሽ አፈር አውጥታችሁ በእጅ ጨብጡት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ጠብቁ። ዋልካ በጭቃነቱ ሲበሳ ቱቦው የቀዳዳውን ግድግዳ ይለስነዋል፣ ውኃም ሥርም አያሳልፍም። የውኃ መርጫዎቹን ራስ በባንዲራ ምልክት አድርጉ፤ ቱቦ የገባበት መርጫ አይጠገንም። ከዚያ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ 13 ሚሊ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቀዳዳ ብሱ። ማሽኑን ከግሪኑ ውጭ አዙሩ። በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ መቆም ከቱቦው ጫፍ በታች ጠንካራ ንጣፍ ስለሚፈጥር ጥልቀቱን ቀያይሩት። የወጣው አፈር ሳይደርቅ በሰፊ አካፋ ይነሣ።

ሥራው የሚበላሸው አሸዋው ላይ ነው። መጀመሪያ መጠኑን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር 400 ቀዳዳ ይኖራል፤ እያንዳንዱ ወደ 10.6 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ በካሬ ሜትር 4.25 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ለ500 ካሬ ሜትር ግሪን ከ2 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል። ላዩን ለማለስለስ 1 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ሌላ ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። የሚባክነውን አስባችሁ 3 ሜትር ኩብ እዘዙ፤ መሃል ላይ ካለቀ ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው ላይመሳሰል ይችላል።

አለመመሳሰሉ ቀላል ነገር አይደለም። ውኃ ከደቃቅ አሸዋ ወደ ሻካራ የሚያልፈው ደቃቁ እስኪጠግብ ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ በሻካራ ላይ ደቃቅ ስትደርቡ ውኃው ድንበሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሥርም እዚያው ይቆማል፣ ሽታና ጥቁር መስመር ይመጣል። ዘንድሮ ከአንዱ ወንዝ፣ ከርሞ ከሌላው እየገዛ ግሪኑን ንብርብር ያደረገ ሰው ንብርብሩን አልፎ የሚወርድ ጥልቅ ብሳት ደጋግሞ መሥራት፣ ከባሰም ቆፍሮ ማውጣት ይጠብቀዋል። አንድ ጥሩ ምንጭ ካገኛችሁ አትቀይሩት። አብዛኛው ቅንጣት ከሩብ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር መካከል ይሁን። ጠጠር ካለው የማጨጃውን ስለት ይበላል፤ ለልስን የተነፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ይበዛበታል። ለመፈተን ጠርሙስ እስከ ሲሶው አሸዋ፣ የቀረውን ውኃ ሞልታችሁ ናጡና አሳድሩት፤ ከላይ የሚታይ የደለል ሽፋን ከሠራ መልሱት።

አሸዋውም ሣሩም ደረቅ መሆን አለባቸው። እርጥብ አሸዋ የቀዳዳውን አፍ ይዘጋና ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ በኋላ ይሰረጉድና ኳስ ያስዘልላል። በትነው፣ በመጥረጊያ በሁለት አቅጣጫ እየገፉ እስከ አፉ መሙላት፣ ከዚያ ውኃ አጠጥቶ የጎደለውን መድገም ነው።

ከአራት አምስት ቀን በኋላ በካሬ ሜትር 10 ግራም ዩሪያ፣ ለ500 ካሬ ሜትር 5 ኪሎ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበተንና ወዲያው ይጠጣ። እርጥብ ቅጠል ላይ ካረፈ ያቃጥላል።

እስከዚያ አትጨዱ። የመጀመሪያውን አጨዳ በአሮጌ ስለት፣ ከወትሮው 1 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፣ የቀረው አሸዋ አዲሱን ስለት በአንድ ቀን ያደነዝዘዋልና። ቁመቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉ። ደህናውን ስለት ስትመልሱ፣ በሚሽከረከረው የስለት ሲሊንደርና ከሥሩ ባለው ቋሚ ስለት መካከል፣ በሙሉ ርዝመቱ የጋዜጣ ቁራጭ አስገብታችሁ ሲሊንደሩን በእጅ እያዞራችሁ ሞክሩት፤ ወረቀቱን በአንድ ቦታ እንኳ ካጠፈው ሣሩንም ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም።