የኮሪያን ጥቁር ኮሜዲ ደሴ ላይ ለማሳየት

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የፊልም ምሽት የሚያዘጋጅ ሰው፣ ኮሪያዊው ዳይሬክተር አን ጉክ ጂን እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበውን «አሊስ ኢን ኧርነስትላንድ» የተባለ ጥቁር ኮሜዲ (አስከፊ ነገርን እያሳቀ የሚያሳይ ፊልም) ከማሳየቱ በፊት ሳቁ ከምን እንደሚመነጭ ለተመልካቹ ቢያስረዳ መልካም ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሱናም ሌት ተቀን ሠርታ፣ ተበድራም ቤት ብትገዛ ኑሮዋ አይቃናም፤ ፊልሙ የሚያስቀውም የሚያስደነግጠውም ትጋቷ ራሱ ወጥመድ ስለሚሆንባት ነው። ደም የሚፈስባቸው ትዕይንቶች ስላሉት ልጆች አይጋበዙ። የአማርኛ ትርጉም ካልተገኘ፣ አንድ ሰው ፊልሙን ቀድሞ አይቶ የታሪኩን መነሻ በአጭሩ ይንገር፤ በየመሐሉ እያቋረጡ መተርጎም ቀልዱን ያደበዝዘዋል። ቡናው ሲቀርብ ውይይቱ «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚል ጥያቄ ይከፈት፤ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ወጣት የሱናምን ነገር ከማንም በላይ ይረዳዋልና፣ በእኔ እምነት ቅድሚያ ሊናገር የሚገባው እሱ ነው።