ቤንዚንን ከማደያ እስከ ማሳ እንዴት እንጠቀምበት

መስኖ ሲጀመር መራዊ አካባቢ፣ ግልገል አባይ ዳር የውሃ ሞተር ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል። ሽንኩርቱም ድንቹም ውሃ የሚያገኘው በቤንዚን ነው። ቤንዚን ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው። ልብ በሉ፤ የሚነደው ትነቱ ነው። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በክብሪት የሚያያዝ ትነት አይወጣውም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይም ይወጣዋል። የጮቄ ብርድ እንኳ አያስተኛውም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል።

መጀመሪያ ዕቃውን አስተካክሉ። በሃይላንድ አትቅዱ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ለነዳጅ የተሰራ ጀሪካን ያዙ። ማደያ ስትደርሱ ከባጃጁ አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡትና ይቀዳ። እስከ አፉ አይሞላ፤ ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ «ቤንዚን» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ችላ የምንል ብዙ ነን። ከላምባው ጋር ተምታቶ ኩራዝ ውስጥ ከገባ ግን ክብሪት የጫረችው እናት ፊት ላይ ነው የሚነደው።

ቀጥሎ ሞተሩን እወቁ። ዘይት ለብቻው የሚሞላበት ካለው ቤንዚን ብቻ ቅዱለት። ባህር ዛፍ የምንቆርጥበት የሞተር መጋዝ ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚፈልገው። ብዙዎቹ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ይላሉ፤ የራሳችሁን መመሪያ እዩ።

ለመሙላት ሞተሩን አጥፉና እስኪበርድ ጠብቁ። የቡናው ከሰል ይራቅ። የፈሰሰውን ጥረጉ፤ ሽታው ሳይጠፋ አታስነሱ። በጎማ በአፍ መሳብ ይቅር። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ቤንዚኑ ሳንባ ከገባ ይብሳል። ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከላይ የተቀመጠ ሞተር ውሃ የሚስበው የአየር ግፊት እስከፈቀደለት ብቻ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ወሰኑ 8 ሜትር አካባቢ ነው፤ በተግባር ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም። በጋው ሲበረታና ውሃው ሲርቅ ሞተሩን በገመድ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱ አሉ። እባካችሁ፣ አታድርጉት። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም። ሞተር ሊያጠፋ የወረደው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ወንድሜን ላውጣ ብሎ የሚከተለውም እዚያው ይቀራል። ውሃው ከራቀ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ፓምፕ ፈልጉ። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትውረዱ፤ ገመድ ጣሉለት፣ እርዳታ ጥሩ።

ክረምት ሲገባ ቤንዚኑን በሞተሩ ውስጥ አታሳድሩ። ለወራት ከቆየ ይበላሽና ካርቡሬተሩን፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ሙጫ በመሰለ ነገር ይደፍነዋል። የቀረውን ወደ ጀሪካኑ መልሱ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ያለችውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ተዉት። ጥቅምት ላይ የማስነሻ ገመዱን ስትስቡ አያደክማችሁም።