ጎልድፊሽ በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንደሚያድግ (ለጀማሪ)

ጎልድፊሽ ማሳደግ ቀላል ይመስላል። ክብ የመስታወት ጎድጓዳ፣ ውሃ፣ አንድ ብርቱካናማ ዓሣ፣ አለቀ። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ሁለት ዓሣ ከአዲስ አበባ በላስቲክ አስሬ አመጣሁ፤ የሸጠልኝ ሰው ክቧ ጎድጓዳ ትበቃቸዋለች አለኝ፣ አመንኩት። አንዷ በአራተኛው ቀን ሞተች። ሁለተኛዋን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተገልብጣ ተንሳፋ ያገኘቻት ልጄ ናት። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እዚህ የምጽፈው ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምለውን ሁሉ ነው።

ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል። አገሩ ቻይና ነው፣ እዚያ ከ1000 ዓመት በላይ ሰው ሲያረባው ኖሯል። የሚመቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። ሐረር የምትኖሩ ብዙም አትቸገሩም፣ ከተማዋ ደጋ ቀመስ ናት። ድሬ ግን፣ አቦ፣ የግንቦትና የሰኔን ወበቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ደግሞ ሲሞቀው ኦክስጅን የበለጠ ይፈልጋል። ክቧ ጎድጓዳ የምትገድለው ለዚህ ነው፤ ውሃዋ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ አፏ ጠባብ ስለሆነ አየር አይገባም፣ ቆሻሻውም በሁለት ቀን ይሞላታል።

ቤቱን ማዘጋጀት

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ የሆነ አኳሪየም ያዙ። 90 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይሄ ለሁለት ድቡልቡል፣ ጅራታቸው ድርብ ለሆኑ ጎልድፊሾች ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ጅራቱ ነጠላ የሆነው ቀጭኑ ዓይነት እስከ 30 ሴንቲ ሊያድግ ስለሚችል ለግቢ ገንዳ እንጂ ለሳሎን አይሆንም። መስታወት ቤት ልታሠሩትም ትችላላችሁ፣ ብቻ ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ የሌለበት ይሁን፣ ያ ኬሚካል ዓሣ ይመርዛል። ሲደርቅ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አቆዩትና እንዳያፈስ እዩ።

የት ይቀመጥ? መስኮት አጠገብ አይሆንም። ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው ይሞቃል፣ በሳምንት ውስጥም አረንጓዴ ይሆናል። ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ጥግ ይሁን። ከዚራ ሰፈር፣ ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የምትኖሩ በዚህ ታድላችኋል። ሲሞላ ከመቶ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ተራ ጠረጴዛ አይችለውም፤ የሲሚንቶ ወይም የብረት መቀመጫ አድርጉለት።

የአየር ፓምፕ እና በሱ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ግዙ። ድሬ ላይ ያለ አየር ፓምፕ አትጀምሩ። አኳሪየሙን በኦሞም በበረኪናም አትጠቡት፣ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ውሃው

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል፣ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ (የሚተነፍስበትን) ያቃጥላል። ውሃውን አፈ ሰፊ ሳፋ ላይ ገልብጣችሁ ሳትከድኑ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። ጀሪካን ውስጥ ተከድኖ ያደረ ውሃ አይቆጠርም።

የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ማየት ነው። ለጎልድፊሽ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይስማማዋል። አደጋው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል። እኔ ሁለተኛዋን ዓሣ የጨረስኳት በዚያ ይመስለኛል፣ ውሃዋ ቆሸሸ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ከሮቶ ቀድቼ ለወጥኩላት። አዲሱ ውሃና አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሁለቱን እጆቻችሁን አንድ ላይ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ክተቱና ልዩነት ካልተሰማችሁ ጨምሩ።

መታገስ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ዓሣ ቆሻሻውን እንደ አሞኒያ ውሃው ውስጥ ይለቃል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። ስፖንጁ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነሱ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑን አስነሱ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉና ባዶውን ውሃ ጠብቁ። ልጆች በየቀኑ "ዓሣው የት አለ?" ይሏችኋል። ይበሉ። ዓሣው አስቀድሞ እጃችሁ ከገባ ግን ያላችሁ መንገድ አንድ ነው፣ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለላችሁ ሩቡን ውሃ መቀየር።

ዓሣው ሲመጣ

ላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፉት። ከዚያ ፍቱትና በየአምስት ደቂቃው አንድ ሲኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሩበት፣ አራት አምስት ጊዜ። በመጨረሻ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ ልቀቁት፣ የላስቲኩ ውሃ ይደፋ። የዚያን ቀን ምግብ የለም።

ምግብ

ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የራበው ይመስላል። አትመኑት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ስጡ። የሚሰምጥ ፍሬ ፍሬው ምግብ ከሚንሳፈፈው ይሻላል፣ ላዩን ለመብላት ሲታገል አየር ይውጣል። በሳምንት አንድ ሁለቴ የተቀቀለ አተር ልጡን ገፋችሁ፣ በጣት ፈጭታችሁ ስጡት፣ ሆዱን ያላላለታል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ እንግዳ ልጅ የሚወረውረው ሙሸበክ (ጣፋጩ)፣ ምንም አይገባም። በሳምንት አንድ ቀን ይጹም።

ከሦስት ሰከንድ በላይ አያስታውስም የሚባለው ውሸት ነው። የኔዋ አሁን ያለችው የምግቡ ቆርቆሮ ክዳን ሲንኳኳ ከድንጋዩ ሥር ወጥታ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች እኔ ወደቆምኩበት ጥግ ትመጣለች። ሌላ ሰው ሲቆም አትመጣም።

በየሳምንቱ

አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሥራው ይኼው ነው። በቀጭን ጎማ ከሥር ያለውን ቆሻሻ እየሳባችሁ 20 ሊትር አውጡ፣ ያደረውን 20 ሊትር መልሱ። ሙሉውን በአንዴ አትቀይሩ። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት እንጂ በቧንቧ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። የወጣውን ውሃ ለሎሚው ወይም ለፓፓያው አጠጡ፣ ማዳበሪያ ነው።

ወበቅ ሲመጣና መብራት ሲጠፋ

ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ካደረገ አየር አጥሮታል። ቬንቲሌተሩን ወደ ውሃው ፊት አዙሩት፣ ውሃው ሲተን ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል። በአኳሪየሙ ዙሪያ እርጥብ ጆንያ መጠቅለልም ይረዳል። በረዶ የሆነ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማንሳፈፍ ትችላላችሁ፣ ግን አንድ ብቻ፣ ሙቀቱ በአንዴ ከወረደ ዓሣው ይደነግጣል። በሙቀት ቀን ምግብም ቀንሱ።

መብራት ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። በጆግ ከአኳሪየሙ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙ።

ሰውነቱ ላይ የጨው ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጥብ ካያችሁ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ይፈልጋል። ነጥቡ የስንጥብ ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ቆይ፣ ወንድ ጎልድፊሽ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ እንዲሁ ያወጣል።

ከሰለቻችሁ ደቻቱ ወንዝ ወይም ሐረማያ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት። ነጻ ሲለቀቅ ይገዝፋል፣ ይራባል፣ ለሌሎቹ ዓሣዎች ጠላት ይሆናል። ለሚያሳድገው ሰው ስጡት፣ በደንብ ከተያዘ 10 እና 15 ዓመት ይኖራል።

ለበዓል ዘመድ ቤት ስትሄዱ ደህና ጎልማሳ ዓሣ አንድ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል። ጎረቤት ፓምፑ መሥራቱን ይይላችሁ፣ የምግቡን ቆርቆሮ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት።